አባባ ኃጢአት ያጣ ጊዜ

ሃርትስዌል መንደር ውስጥ እንደ አባቴ ኃጢአት የቸገረው ሰው አልነበረም። በዚሁ ጣጣ ታናሽ ወንድሜ ሳይጠመቅ ሊቀር ነበር።

እንዲህ ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! የቤተ ክርስቲያን አባል መሆን ያኔ ምን ዓይነት አበሳ እንደነበር የዛሬ ሰው ከየት ያውቃል? ዛሬማ አያቱ አባል የነበረ ሁሉ ልጁን ጠቅልሎ ይመጣል፣ መጋቢው ውሃ ጠብ ያደርጉለታል፣ ይሄዳል። በእኛ ጊዜ ሰው ከጉባኤው ፊት ቆሞ፣ እግዚአብሔር ልቡን እንዴት እንደሰበረው፣ ሰብሮም እንዴት እንደጠገነው ይናገራል። አባላቱ ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ካመኑት እጃቸውን ያነሳሉ። ካላመኑት ደግሞ ሂድና ትንሽ ተሰብረህ ና ብለው ይመልሱታል። ይግባኝ የሚባልለት ጳጳስ የለም፤ ሰዎቻችን ባሕር የተሻገሩት ጳጳሳቱን ሽሽት አይደል እንዴ! በነፍስህ ላይ የሚፈርዱት አንጥረኛው፣ ባለ ወፍጮውና ትናንት ላሙ አጥርህን ያፈረሰችብህ ጎረቤትህ ናቸው።

ከአባትና ከእናት አንዱ እንኳ አባል ካልሆነ ልጃቸው አይጠመቅም። ሕጉ ይኸው ነበር።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ስሜ መሂታቤል ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ሂቲ ይሉኛል። አባቴ ባርናባስ ፕሩደን በርሜል ሠሪ ነበር። የሥራ ቤቱና መኖሪያችን የሚለያዩት በአንድ የሳንቃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ መዶሻው ሲመታ እኛ ዘንድ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳህኖች ይዘላሉ። የብረት ቀለበቱን በበርሜሉ ወገብ ላይ እየመታ ሲያወርድ መዝሙረ ዳዊት ይዘምራል፤ ያውም የሐዘኑን መዝሙር በጭፈራ ዜማ። ራሱን ትራስ ላይ ካሳረፈ እንቅልፍ ነው። ሰው አዳልጦት ሲወድቅ ካየ ይስቃል፤ ራሱ ሲወድቅ ደግሞ ይብስበታል።

እናቴ ዶርካስ ሌላ ነበረች። እማማ ስለ ነፍሷ ሳታለቅስ የምታልፈው ሳምንት አልነበረም። መንደርተኛው፣ "እሷ ከተመረጡት ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?" ይላል። አባል ሁኚ ሲሏት ግን አሻፈረኝ አለች። "ሳልበቃ እንዴት ቆሜ በቃሁ ልበል? ሳይገባኝ ከጌታ ማዕድ ብበላ ፍርዴን ነው የምበላው" ትላለች። ከእኔ በኋላ የወለደቻቸው ሁለት ሕፃናት ሳይጠመቁ ሞተውባታል። ጥምቀት ብቻውን አያድንም ተብሎ ይሰበካል፣ ስብከቱንም በቃሏ ታውቀዋለች፤ ግን ስብከት ሌላ፣ የእናት ሆድ ሌላ። ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ሆፕስቲል ከተወለደ ስድስት ሳምንቱ ነበር። ሲያስል የሰባ ዓመት ሽማግሌ ይመስላል።

"እንግዲያው እኔ እገባለሁ" አለ አባባ አንድ ጠዋት፣ ወደ ገበያ የሚሄድ ይመስል።

እናም ሽማግሌ ዘሩባቤል ፊች ሊመረምሩት ቤታችን መጡ። ከመጋቢው ቀጥሎ ጉባኤውን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ደረቅ ሰውዬ ነበሩ፤ ማዕድ ሲባርኩ ገንፎው ይቀዘቅዛል። እኔ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ በቆሎ እፈለፍላለሁ፤ ከላይ የሚወርደውን ወሬ ሁሉ ደግሞ እለቅማለሁ።

"ወንድም ባርናባስ፣ ስለ ኃጢአትህ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥተሃል?"

አባባ አሰበ። ሰውዬውን ማስቀየም ስላልፈለገ ከልቡ ነው ያሰበው። "አንድ ጊዜ ጥርሴን ሲያመኝ..." አለ።

"ስለ ኃጢአትህ ነው ያልኩህ!"

"ኧረ እንቅልፍስ አጥቼ አላውቅም፣ ሽማግሌ። እውነቱን ልንገርዎት? ስብከት ላይ እንኳ በግድ ነው የምነቃው።"

"ሲኦልን አታስብም?"

"አስባለሁ እንጂ! ጋደም ስል እጀምራለሁ፤ ግን ሳልደርስ እንቅልፉ ይወስደኛል።"

"ባርናባስ!" አለች እማማ።

"እሺ፣ እግዚአብሔር አይቀበለኝ ይሆን ብለህ ተጠራጥረህ ታውቃለህ?"

"ለምን እጠራጠራለሁ? እሱ ደግ ነው።"

ሽማግሌ ዘሩባቤል ማንኪያቸውን ቁጭ አደረጉ። ያ መልስ ከስርቆት የባሰ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ የዳነ ሰው ምልክቱ መጠራጠሩ ነበር። የሚጠራጠር ሰው ተስፋ አለው፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው ግን ራሱን እያታለለ ነው። እማማ በጥርጣሬዋ ብዛት ጻድቅ ተባለች፣ አባባ ሰላም ስላለው ተጠረጠረ።

"እህት ዶርካስ" አሉ ሽማግሌው ሊወጡ በሩ ላይ ቆመው፤ "ባልሽ ጥሩ ሰው ነው። ጭንቁም እሱ ነው። ኃጢአት የሚባል ነገር እሱ ዘንድ የለም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። የሚመጣው ሐሙስ እንዲህ ሆኖ ጉባኤ ፊት ቢቆም ማንም እጁን አያነሳለትም። እኔም አላነሳም።"

"ልጁ እኮ እያሳለ ነው፣ ሽማግሌ።"

"አያለሁ፣ እህቴ። ልቡን እንዲሰብርለት ጸልዪ።"

ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ትምህርት ቤታችን በበረዶ ወራት ማገዶ ያልያዘ ልጅ አያስገባም። ቤተ ክርስቲያንም ኃጢአት ያልያዘ ሰው አታስገባም ማለት ነው! አባባ ደግሞ ባዶ እጁን ነው። እኔ ለራሴ የነበረኝ ለሁለት ቤት ይተርፍ ነበር፦ ማር ሰርቄአለሁ፣ በጸሎት መሐል የጎረቤት ልጅ ቆንጥጫለሁ፣ የሽማግሌ ዘሩባቤልን አካሄድ እያስመሰልኩ ጓደኞቼን አስቄአለሁ። ማካፈል ቢቻል ምን ነበረበት?

ወደ ሥራ ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁት። "አባባ፣ እውነት አንድም ኃጢአት የለህም?"

"ሞልቶኝ!" አለ። "ችግሩ ሳስታውሳቸው ሳቄ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ፣ ገና ባሕሩን ሳንሻገር፣ የጳጳሱን ፈረስ ጭራ ላጭቼዋለሁ።"

"እሱማ የጳጳስ ነው፣ አይቆጠርም" አልኩት።

"አየሽ? ያለኝም እንዲህ ያለው ነው።"

እማማ በበኩሏ ያልሞከረችው የለም። ጣፋጩን ዱባ ከለከለችው፣ መጽሐፈ ኢዮብን አነበበችለት፤ ኢዮብ አመድ ላይ ከመቀመጡ በፊት አባባ አንኮራፋ። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እኮ፣ ባርናባስ!" ትለዋለች። እሱም ፊቱን ለማጨማደድ ይሞክራል፤ ሊያስነጥስ የደረሰ ሰው ይመስላል።

ከዚያ ቅዳሜ ደረሰ። ቅዳሜ ፀሐይ ስትገባ የእሑድ ሰንበት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መዶሻ ማንሳት ቀርቶ አልጋ ማንጠፍ ነውር ነው። የሥራ ቤቱ መስኮት በብርዱ ምክንያት ተዘግቶ ስለሚውልና አባባ ጣውላ የሚያጎብጥበት እሳት ስለሚነድ፣ ቀኑ የት እንደደረሰ ከውስጥ አይታይም። ስለዚህ የቅዳሜ ሥራዬ ደጃፍ ላይ ቆሜ ፀሐይዋን መጠበቅ ነበር። ሰማዩ ከደመነ ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን የሽማግሌ ዘሩባቤልን ቤት አያለሁ። ፀሐይ የምትገባበትን ቅጽበት እሳቸው በደመናም ውስጥ አያጡትም፤ የመስኮታቸውን መዝጊያ ጥርቅም ካደረጉ ሰንበት ነው።

ያን ቀን ደምኖ ነበር። መዝጊያው ጥርቅም አለ። ልቤም አብሮ ጥርቅም አለ፤ እየሮጥኩ ገባሁ።

አባባ መዶሻውን አንስቶ ነበር። "ሂቲ፣ ፀሐይዋ ገባች?"

"ገና ናት፣ አባባ።"

እንግዲህ ቁጠሩልኝ፦ ውሸት አንድ፣ ሰንበት መሻር ሁለት፣ አባትን አለማክበር ሦስት። በሁለት ቃል ሦስት ትእዛዝ፣ ለስምንት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

እሱም ምስኪን ቀጠለ። ኳ! ኳ! ኳ! መንደሩ በሙሉ ጸጥ ብሏል፣ ውሻ እንኳ አይጮኽም፤ የሚሰማው የአባባ መዶሻና ዘፈን የመሰለው መዝሙሩ ብቻ ነው። በሳንቃው ግድግዳ ሽንቁር ወደ ቤት አጮለቅሁ። እማማ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ንቅንቅ አትልም። እሰይ፣ እንቅልፍ ወስዷታል አልኩ።

በሩ ተበረገደ። "ወንድም ባርናባስ!"

መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

"ምን ቀን ነው ዛሬ?" አሉ ሽማግሌ ዘሩባቤል።

"ቅዳሜ ነዋ።"

"ቅዳሜማ ከሞተ ቆየ!"

አባባ ዞሮ አየኝ። እኔ ምስጋና እየጠበቅሁ ዓይኔን አበራሁለት። አላመሰገነኝም። ፊቱ ላይ ሁልጊዜ የሚኖረው ሳቅ የት እንደገባ አላውቅም።

"ፀሐይዋን የሚጠብቅልህ ማነው?" ሲሉ ጠየቁት።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ አባባ። "በሩ ያው፣ እግሬም ያው። ወጥቼ ማየት ነበረብኝ።"

ያን ማታ ቀዝቃዛውን የሰንበት ባቄላችንን ስንበላ አልዘፈነም። ኃጢአቱ ይዞለታል ማለት ነው ብዬ ተደሰትኩ። ኋላ ግን እማማን እንዲህ ሲላት ሰማሁ፦ "ሐሙስ ምስክርነቴን ሳይሆን ክሴን ነው የሚሰሙት። አለቀ፣ ዶርካስ። ልጁ በኔ ምክንያት..." ቃሉን አልጨረሰውም።

ኃጢአት ሲበዛም አያስገባም እንዴ? ይህን ማን ነገረኝ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ሰኞ ልናዘዝ ሄድኩ፤ "አባባ፣ ቅዳሜ ለታ እኮ..." ስለው፣ "የእንጨቱን ፍቅፋቂ ጥረጊልኝ፣ ሂቲ" አለኝ። ማክሰኞም ጥረጊ፣ ረቡዕም ጥረጊ። የሥራ ቤቱ እንደዚያ ሳምንት ጸድቶ አያውቅም። ሆፕስቲል ደግሞ ሳሉ ባሰበት፤ እያሳለ ከንፈሩ ይጠቁር ጀመር። ብጠርግም ብተኛም እሱን እሰማ ነበር፣ በጣምም ፈርቼ ነበር።

ሐሙስ የጥሪው ከበሮ ተመታና ወደ ስብሰባው ቤት ሄድን። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላው፤ እኛ ልጆች ደረጃው ላይ፣ ልጆችን የሚቆጣጠረው ባለ ዱላ ሰውዬ ከበላያችን። ብርዱ ትንፋሽን ያሳያል። ሽማግሌ ዘሩባቤል ተነሱ።

"ይህ ሰው ሰንበት ከገባ በኋላ መዶሻውን አርባ ሦስት ጊዜ ሲመታ በጆሮዬ ሰምቼ ቆጥሬአለሁ።"

መጋቢ ኢታማር መነጽራቸውን አወለቁ። "አርባ ሦስት?"

"አርባ ሦስት።"

"ሽማግሌ፣ ቤትዎ እኮ ከቤቱ ሃያ እርምጃ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ ለምን አልሄዱም?"

"እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነዋ!"

ከወንዶቹ ወንበር አንድ ሰው አሳለ። ያ ሳል የጉንፋን አልነበረም።

አባባ ተነሳ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

"በቃሌ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፍቶብኛል" አለ። "ሰንበትን ሽሬአለሁ፣ አልክድም። ግን የሰበረኝ መዶሻው አይደለም። እኔ ጥሩ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ሰው አልበደልኩም፣ ጠግቤ አድራለሁ፣ እግዚአብሔርም እንደኔው ደስ ብሎት የሚውል ይመስለኛል። ቅዳሜ ለታ ግን ቀና ስል አየሁ። ቤቴ ውስጥ ሰው በፍርሃት አልቋል። ከፍርሃቱ ብዛት የገዛ ነፍሱን ከፍሎ ሊያስገባኝ የደረሰ ሰው አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ እዘፍናለሁ። ሁለቱ ልጆቼ ሲሞቱም በሳምንቱ ስዘፍን ነበር። ዶርካስ ግን አንድ ቀን ዝም በል ብላኝ አታውቅም።"

ከዚያ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ጉድ ፈላ! አልኩ በሆዴ። እየሳቀ ነው! አባባ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ትከሻው እንዲያ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ሰው ወድቆ ሲስቅ ብቻ ነው። ጌታ ሆይ፣ እባክህ ዓይናቸውን ሸፍንልኝ፣ እንዳያውቁበት፣ ሁለተኛ ማር አልነካም ብዬ ተሳልኩ። ደግሞ እኮ አላወቁበትም! ባለ ወፍጮው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ሽማግሌ ዘሩባቤል መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ አገላበጡ።

"ወንድሞች" አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፤ "እኔ... ምስክርነቱ በቅቶኛል።" መጀመሪያ እጃቸውን ያነሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ የወንዶቹ ወገን በሙሉ እጅ በእጅ ሆነ።

እኔና አባባ የእግዚአብሔርን ጉባኤ አታለን ገባን ብዬ ስንት ዓመት ኖርኩ። የሚስቅም የሚያለቅስም ሰው ትከሻው አንድ ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት ባል አግብቼ ነው።

በሚቀጥለው ሰንበት ሆፕስቲል ተጠመቀ። የማጥመቂያው ሳህን ላይ የጋገረውን በረዶ መጋቢው በጣታቸው ሰበሩና ረጩት። ጩኸቱ ጣራው ላይ ያሉትን ርግቦች አስበረገገ። የሚሞት ልጅ እንዲያ አይጮኽም። አልሞተምም፤ ዛሬ የመርከብ አዛዥ ነው።

እማማ ግን ከዚያ በኋላም ሰባት ዓመት ሙሉ አባል አልሆነችም። አባባ ከጌታ ማዕድ ሲቀርብ እሷ ተነስታ ትወጣለች። ትሕትና ነው ይሉላታል። ከዕለታት አንድ ቀን፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ለማንም ሳትነግር መጋቢ ኢታማር ዘንድ ሄዳ ምስክርነቷን አስጻፈች። ሴት በጉባኤ ስለማትናገር እሷ ትቆማለች፣ እሳቸው ያነባሉ። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከሴቶቹ ወንበር ተቀምጫለሁ።

"'በአንድ ሰንበት'" ብለው ማንበብ ጀመሩ፣ "'ባሌ ፀሐይ መግባቷን ሳያውቅ ሲሠራ ሰማሁ። እኔ አውቄ ነበር፤ የእጅ ሥራዬን አስቀምጬ ነበር። ልጄ ስትዋሸውም ከሳንቃው ማዶ ሰማሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ይቆም ነበር። እግዚአብሔር በዚህ ይሰብረውና ሕፃኔ ይጠመቅልኝ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ኃጢአቱን የስምንት ዓመት ልጄ እንድትሸከመው ተውኩላት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ለመቆም አልደፈርኩም። ዛሬ የቆምኩት ብቻዋን እንዳትሸከመው ነው።'"

ለካ አልተኛችም ነበር! ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ እየዘለሉ ማን ይተኛል? ጆሮዬ ጋለ፤ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሽማግሌ ዘሩባቤል ያን ጊዜ ጆሯቸው ደክሟል። "ምን አለች? ምን አለች?" እያሉ ጮኹ። አጠገባቸው ያለው ሰው ጆሯቸው ውስጥ ጮኾ ነገራቸው። ትንሽ አሰቡ። እማማን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር። ሆፕስቲል ከፊት ድንጋይ እየወረወረ ይሮጣል፤ አባባ ይከተለዋል፤ እኔና እማማ ከኋላ ነን።

"ያን ቀን ባልዋሸው ኖሮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አንቺ 'ገና ናት' ባትዪው እኔ እለው ነበር" አለች እማማ። "አፌን ልከፍት ስል ቀደምሽኝ።"

አባባ ቆመ። ወደ እኛ ዞሮ ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ ግንባሩን አከከ።

"ቆይ ቆይ" አለ። "ውሸቱ የሂቲ ነው።"

"አዎ" አለች እማማ።

"ዝምታው ያንቺ ነው።"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ ፀሐይዋ መግባቷን ጭራሽ አላወቅሁም።"

"አላወቅህም፣ ባርናባስ። ምን ልትል ነው?"

"እና እኔ በማን ኃጢአት ነው የገባሁት?"

እማማ ደንግጣ ሽማግሌ ዘሩባቤል ከኋላችን እንዳሉ ዞራ አየች። "ዝም ብለህ ሂድ!" አለችው። "ሁለተኛ እንዳትደግማት!" ይህን ብላ ሁለት እርምጃ እንደሄደች አጥር ተደግፋ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እማማ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔና አባባ ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘን ጭቃው ላይ ቆመን እስክትጨርስ ጠበቅናት።